«ትንሽ ነገር ናት» እየተባለ የሚሞላው ሻንጣ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሻንጣ ናቸው። የላኳቸው ሰዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል የከተማ ዳር ነዋሪዎች ናቸው፤ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ቡራዩ፣ ዓለም ገና። ምክንያቱ ይገባኛል። ገርጂ የሚኖር ሰው ቦሌ ላይ «ሦስት ኪሎ ቀንስ» ቢባል ወንድሙን ይደውልለታል፣ ወንድሙ ብቅ ብሎ ዕቃውን ይወስዳል፣ አለቀ። የሰበታ ሰው ግን ስልኩን የሚደውለው ሸኚዎቹ ካራ ቆሬ አልፈው ሲሄዱ ነው። በሌሊት ማን ይመለሳል? ስለዚህ ለእኛ ለዳር ሰዎች የኪሎው ጉዳይ ማለቅ ያለበት ቤታችን ነው።

በእኔ ግምት የአብዛኛው ሰው ችግር እምቢ ማለት አለመቻል ነው። ደብዳቤዎቹን ስታነቡ እናንተም ትፈርዳላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያዋን ልትወልድ ስለሆነ ላርሳት ልሄድ ነው። በስልክ «ማሚ፣ የተፈቀደልሽ 46 ኪሎ ነው» ብላኛለች። እኔ ለገንፎ የገብስ ዱቄቱን፣ አጥሚቱን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቅቤውን፣ ማሩን አሰናድቻለሁ። ይሄ ሳያንስ የሰፈሩ ሰው መሄዴን ሰምቶ «ትንሽ ነገር ናት» እያለ ለየልጁ ፌስታል ያመጣልኛል። ሳሎኑ በፌስታል ሞልቷል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው፣ እንዴት ብዬ ልመልስላቸው? ከጓሮዬም ጤና አዳም ነቅዬ ልወስድላት አስቤ ነበር። (እናት፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ልጅዎን ማርያም በሽልም ታውጣት።

መጀመሪያ 46 የሚለውን ቁጥር እንተወው፤ ያሳስታል። ልጅዎ ልትል የፈለገችው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። አንዱን 30፣ ሌላውን 16 አድርገው ቢሄዱ ድምሩ ያው 46 ነው፣ ግን ለ30 ኪሎው ያስከፍሉዎታል። ትኬትዎ ላይ «2 ፒሲ» የሚል ካለ የሚቆጠረው በሻንጣ ቁጥር ነው ማለት ነው፤ ወደ አሜሪካና ካናዳ ሲሄዱ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ከ32 ኪሎ ያለፈ ሻንጣ ደግሞ «ልክፈል» ቢሉም አይቀበሉዎትም፣ ከፍተው ቀንሱ ነው የሚባሉት። ትልቅነቱም ይለካል፦ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ሰው እንኳ የሚያስገባው ያ ትልቁ የመርካቶ ሻንጣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ባዶውን ደግሞ አምስት ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ገና ምንም ሳይከቱበት ከ23ቱ አምስቱን በላው ማለት ነው። ቀለል ያለ የጨርቅ ሻንጣ ይሻልዎታል።

ሚዛን የለኝም እንዳይሉኝ። በርበሬዎን ያስፈጩበት ወፍጮ ቤት ሚዛን አለው አይደል? ከመሄድዎ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ሻንጣዎቹን በባጃጅ አስጭነው ያስመዝኑ። 22 ላይ ያቁሙ፤ የወፍጮ ቤቱ ሚዛንና የቦሌው ሚዛን ላይስማሙ ይችላሉ። በጉዞው ዕለት አይሁን ያልኩት፣ ያን ቀን ቤቱ በሸኚ ይሞላል፣ ቡናው ይፈላል፣ ማንም ስለ ኪሎ አያስብም።

አሁን ወደ ፌስታሎቹ። መጀመሪያ የራስዎንና የልጅዎን ዕቃ ከተው ይዝጉና ያስመዝኑ። ከዚያ የተረፈው ስንት ነው? አምስት ኪሎ ከሆነ ለጎረቤት ያለዎት አምስት ኪሎ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው «ከግማሽ ኪሎ በላይ አልችልም፣ ልጄ ትኬቱን ስትቆርጥ የተፈቀደልኝ ይሄ ነው» ይበሉ። ጥፋቱን ትኬቱ ላይ ይጣሉት፤ ሰው በትኬት አይቀየምም። የተሰፋና የታሸገ ነገር አይቀበሉ፣ ፊት ለፊትዎ ተከፍቶ ይታይ። ሰፍቶ ያመጣ ጎረቤት ቅር ሊለው ይችላል፣ ይበለው። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፦ የጎረቤትዎ ልጅ ሲያትል ከሆነ ያን ሽሮ ከሜሪላንድ ወደ ሲያትል የሚልከው ማነው? አራስ ልጅዎ ናት ፖስታ ቤት የምትሰለፈው? መጥቶ የሚወስድ ሰው የሌለውን ዕቃ ባይነኩት ይሻላል።

ምግቡን በተመለከተ፣ አሜሪካ ሲገቡ የያዙትን በሙሉ ያሳውቁ። «ምግብ ይዘዋል?» ሲባሉ «አዎ» ይበሉ። አዎ ያለ ሰው ቢበዛ የተከለከለው ይወሰድበታል። የለኝም ብሎ የተገኘበት ግን እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና ብዙ አያጨቃጭቁም። ቋንጣና ዶሮ ወጥ ግን ይቅሩ፤ ሥጋ ነክ ነገር ከእኛ አገር አይገባም። ጤና አዳሙም ይቅር፤ ተክል ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት አያሳልፉም፣ የጎመን ዘርም እንደዚያው። ዱቄቶቹን በሚያሳይ ላስቲክ ያሽጉና ምን እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ያስጽፉባቸው። በእጅ ሻንጣ አይያዟቸው፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከያዙ ለብቻው ይፈተሻል፣ ካላሳመናቸው ያስጥሉዎታል። ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ቅቤው ላይ ምክሬን ይስሙኝ። ቅመሙን ይውሰዱ፣ ቅቤው እዚያው ይነጠራል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ ተደምሮ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እዚያ ጨው የሌለው ቅቤ ከሱፐርማርኬት ይገዛል፣ እርስዎ ያነጥሩታል፣ ቤቱም ይሸታል። ሦስት ኪሎ ቅቤ ተሸክሞ ሻንጣ ውስጥ ቀልጦ ልብስ ላይ ሲፈስ ከማየት ይሄ አይሻልም? እንጀራም ውኃ ስለሆነ ይከብዳል፤ ድርቆሽ ግን እንደ ወረቀት ነው። ማሩ ትንሽ ይበቃል፣ በብርጭቆ ዕቃ አይሁን። (ለሕፃኑ ግን ማር እንዳታቀምሱት፤ ዓመት ሳይሞላው ሐኪሞች ይከለክላሉ።)

የእጅ ቦርሳዎ በአየር መንገዳችን ኢኮኖሚ ክፍል 7 ኪሎ ነው። የግፊት መድኃኒትዎ፣ መነጽርዎ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የልጅዎ ስልክና አድራሻ በወረቀት ተጽፎ እዚያ ውስጥ ይሁኑ። አሜሪካ መጀመሪያ በሚያርፉበት ከተማ ሻንጣዎን ራስዎ ከሚዞረው ላይ አንስተው ጉምሩክ ማለፍ አለብዎት፤ ቀጣይ በረራ ቢኖርዎት እንኳ እንደገና ያስረክቡታል። ሁለት 23 ኪሎ ለእርስዎ ከባድ ነው። ልጅዎ ከአሁኑ ትኬቱ ላይ ዊልቸር ታስመዝግብልዎት። አይከፈልበትም፣ የሚገፋዎት ሰውም ሻንጣውን በማውረድ ያግዝዎታል። «እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» ብለው እንዳይኮሩ።

ሸኚዎችዎ ወደ ውስጥ አይገቡም። ሻንጣው ተመዝኖ እስኪያልፍና እርስዎ «ገባሁ» ብለው እስኪደውሉ ድረስ አንድ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ እኔ ሯጭ ነኝ፣ 56 ኪሎ እመዝናለሁ። ለውድድር ስወጣ ሻንጣህ ሦስት ኪሎ በልጧል ተብዬ ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ብቻውን 110 ኪሎ ይሆናል። እኔና ሻንጣዬ ተደምረን እሱን አናክልም! ይሄ ፍትሕ ነው? (የተናደደው፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ሒሳብህ ልክ ነው፣ ወንድሜ። ግን 23 ኪሎ የሚለው ገደብ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ሻንጣውን ስለሚያነሳው ሠራተኛ ወገብ ነው። ያ ልጅ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ አጎንብሶ፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ፣ በአንድ ፈረቃ ስንትና ስንት ሻንጣ ይወረውራል። አንተ አንዱን ነው የምታነሳው። ተሳፋሪው ደግሞ በእግሩ ይገባል፣ ማንም አይሸከመውም፤ ክብደቱ በአማካይ ነው የሚሰላው። 110 ኪሎው ሰውዬና አንተ እዚያ ስሌት ላይ አንድ ናችሁ። ለአንተ ፍትሕ ላይመስልህ ይችላል፣ ለሰውዬው ግን በየቆጣሪው ከመመዘን አድኖታል።

የአውሮፕላኑም ጉዳይ ግን አለ፤ ለአንተ ደግሞ ለማስረዳት ይቀላል። ሱሉልታ የምትሠለጥነው ለምንድነው? አየሩ ስስ ስለሆነ አይደል? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሳንባህን የሚያስጨንቀው ስስ አየር ሞተሩንም ክንፉንም ያደክማል፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ከዚህ ሲነሳ ከዝቅተኛ ቦታ ሲነሳ የሚችለውን ያህል አይሸከምም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መሃል ላይ ወርዶ ነዳጅ የሚሞላው ለዚህ ነው። ሲመለስ ግን ዋሽንግተን ዝቅ ያለች ስለሆነች ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። ቀጥታውን በረራ ያየ ሰው ሁሉ «ለምን ሲሄድም እንዲህ አያደርግም?» ይላል፤ መልሱ ከፍታው ነው።

ለሚቀጥለው ውድድርህ የመሮጫ ጫማህንና ማሊያህን በእጅ ሻንጣ ያዝ። ኪሎ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ትልቁ ሻንጣ አንድ ቀን ቢዘገይ በሰው ጫማ ልትሮጥ ነው?

ጥያቄ፦ ዴንቨር ያለችው እህቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ አምጪልኝ ብላኛለች። ምጣዱ ከነካርቶኑ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጠራል ወይ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ይቆጠራል፣ ግን አትውሰጂው። እዚህ መብራቱ 220 ቮልት ነው፣ አሜሪካ 120። የእኛ ምጣድ እዚያ ሲሰካ ከሙቀቱ ሲሶ ያህሉን እንኳ አይሰጥም። እንጀራው አይን አያወጣም፣ ዝም ብሎ ይደርቃል። ትራንስፎርመር ይገዛ የሚልሽ ሰው ካለ፣ ምጣድ የሚችል ትራንስፎርመር ራሱ ሌላ ሻንጣ ነው። ለዚያው አገር መብራት የተሠራ ምጣድ እዚያው ይሸጣል፣ የሐበሻ ሱቆችን ትጠይቅ። የጤፍ ዱቄትም አትሸከሚ፤ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ጤፍ ይመረታል።

በምትኩ ሰፌድ፣ ማሰሻና ጀበና ውሰጂላት። ሰፌዱ ከሻንጣው ክዳን ሥር ይተኛል። ጀበናውን ውስጡን በካልሲ ሙዪው፣ አንገቱን በነጠላ ጠቅልይው፣ በእጅሽ ያዥው። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ የከተትሽው ጀበና ተሰብሮ ነው የሚደርሰው፤ ከጀበና የሚቀድመው ደግሞ አንገቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ለማስተርስ ልሄድ ነው። እስከ ፍራንክፈርት በአንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ በርሊን ድረስ ደግሞ ርካሽ ስላገኘሁ በሌላ ኩባንያ ለብቻው ትኬት ቆርጫለሁ። ሻንጣዬ በቀጥታ በርሊን ይደርሳል ወይ? እናቴ ቋንጣና ቅቤ አዘጋጅታለች፣ መጻሕፍትም አሉኝ፣ ሁለት ፓወር ባንክም ገዝቻለሁ። (ተማሪው፣ ከሰበታ)

መልስ፦ አይደርስም። ሁለቱ ትኬቶች አይተዋወቁም። ፍራንክፈርት ላይ ሻንጣህን ተቀብለህ፣ ጉምሩክ አልፈህ፣ ለሁለተኛው ኩባንያ እንደ አዲስ ታስረክባለህ። እዚያ ላይ ነው ጉዱ፤ ርካሽ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ በነፃ የሚፈቅዱት ወንበር ሥር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ለትልቁ ሻንጣ ቀድመህ ካልከፈልክ ኤርፖርት ላይ የሚጠይቁህ ገንዘብ ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ትኬቱን ስትቆርጥ ርካሽ ያልከው ያን ጊዜ ርካሽ አይሆንም። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥህም ማንም አይጠየቅልህም። ትኬቱን መመለስ የሚቻል ከሆነ መልሰውና ባቡር ተመልከት። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ራሱ ላይ የባቡር ጣቢያ አለ፣ ባቡር ላይ ደግሞ ማንም ሻንጣህን አይመዝንም፤ መሸከም የቻልከውን ይዘህ ትወጣለህ።

ሁሉንም በአንድ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ግን ሌላ ነው። እንደዚያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት የሻንጣ ደንብ እስከ መጨረሻው ይሠራል። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ የሚነሳ ጉዞ ከሆነ ይሄ በሕጋቸው የተጻፈ ነው፤ መጀመሪያ የተነገረህ ኪሎ እስከ መድረሻህ መጽናት አለበት። ስለዚህ ሰው ትኬት ሲያስቆርጥ ስለ ዋጋው ብቻ አይጠይቅ፤ «በአንድ ትኬት ነው ወይስ በሁለት?» ይበል።

ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ወዳለው ብዙ አገር ሻንጣ በጠቅላላ ኪሎ የሚቆጠርባቸው በረራዎችም አሉ። ትኬትህ ላይ ከፒሲ ይልቅ የኪሎ ቁጥር ካየህ ድምሩን በፈለግኸው ቁጥር ሻንጣ መክፈል ትችላለህ ማለት ነው፣ ብቻ የትኛውም ሻንጣ ከ32 አይለፍ። ኪሎ መጨመር ካለብህ ከቤትህ ሆነህ ቀድመህ ግዛ፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ቀድሞ ለገዛ ያስቀንሳሉ።

እናትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ቋንጣውም ቅቤውም አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ተሳፋሪ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። አይብም እንደዚያው። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይቻላል። በርበሬና ሽሮ ያዝ፣ የመጀመሪያው ወር ላይ ታመሰግነኛለህ። ሌላው ዕቃህ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው እስከ 430 ዩሮ ዋጋ ያለው ከቀረጥ ነፃ ነው።

መጻሕፍቱን ተው። ወረቀት ከምንም በላይ ይከብዳል፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት አለው። በእጅህ የምትፈልገውን አንዱን ያዝ፣ ሌላውን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ዲግሪህንና ትራንስክሪፕትህን ዋናውን በእጅ ሻንጣ ያዝ፤ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ የሚከት ተማሪ አለ፣ እባካችሁ። ጋቢውን አትተወው። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ስለሚፈጅ ግን ትከሻህ ላይ ጣለው፤ የለበስከውን አይመዝኑም። ትልቁን ጃኬትም ለብሰህ ግባ፣ ኪሱ ውስጥ የስልክ ቻርጀርህና ሌላ የሚከብድ ትናንሽ ነገር ይግባ። ቦሌ ላይ ትንሽ ትሞቃለህ፣ ፍራንክፈርት ላይ ትደሰታለህ።

ፓወር ባንክ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ባትሪው እሳት ቢያነሳ ታች ያለውን ማን ያየዋል? በእጅ እስከ 100 ዋት አወር ድረስ ያለ ችግር ያልፋል። ላዩ ላይ የተጻፈው በሚሊ አምፔር አወር (mAh) ብቻ ከሆነ በ3.7 አባዛና ለ1,000 አካፍል። 20,000 የሚለው 74 ዋት አወር ይሆናል፣ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ አይቻልም። ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ ፓወር ባንክ ግን ፈታሾቹ ሊቀሙህ ስለሚችሉ ለወንድምህ ተውለት።

ጥያቄ፦ ከውጭ ስመለስ ሻንጣዬ አብሮኝ አልመጣም። ከአራት ቀን በኋላ ስልክ ተደውሎ ሄጄ ተቀበልኩ። ገላን ደርሼ ስከፍተው ጎማው ተሰብሯል፣ አንድ ሽቶ ተፈጥርቆ ልብሱን አበላሽቶታል። ሥራ ስለበዛብኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄጄ ስናገር «ጊዜው አልፏል» አሉኝ። እውነት ነው? (ከገላን)

መልስ፦ ለተሰበረው አዎ፣ አልፏል። የዓለም አቀፍ በረራ ሻንጣ በ1999 ሞንትሪያል ላይ በተፈረመው ስምምነት ነው የሚዳኘው፤ ብዙ አገሮች ገብተውበታል። ሻንጣ ተጎድቶ ከሆነ ከተቀበልክበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብህ። ለዘገየ ሻንጣ ግን ከተረከብክበት ቀን አንስቶ 21 ቀን አለህ። የመዘግየቱ ጊዜ ስላላለቀ ቶሎ ብለህ ጻፍ፤ ሻንጣው እስኪመጣ የገዛኸው የጥርስ ብሩሽና የውስጥ ልብስ ደረሰኝ ካለህ አያይዝ። 21 ቀን ሙሉ ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ካሳው ገደብ አለው። ከፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ተሳፋሪ እስከ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፣ በዶላር 2,000 ገደማ ይሆናል። ይሄ ጣሪያው ነው፣ የሚከፈልህ ያስረዳኸውን ያህል ነው። ስለዚህ ወርቅና ካሜራ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ሞኝነት ነው።

ለሌሎቻችሁ፦ ሻንጣችሁ ተጎድቶ ወይም ቀርቶ ካያችሁ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ እዚያው አስመዝግቡና ወረቀቱን ተቀበሉ። ሰው ሁሉ ታክሲው ይሄድብኛል ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ገላን ወይም ቱሉ ዲምቱ ከደረሰ በኋላ መመለሱ ራሱ አንድ ቀን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሻንጣውን ክፍቱንም ዝጉንም በስልክ ፎቶ አንሱት። የሻንጣውን ቁጥር የያዘችውን ትንሿን ወረቀትም አትጣሏት። ስማችሁንና ስልካችሁን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጡም አስቀምጡ፤ የውጭው ተቀዶ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ለሥራ ልሄድ ነው። በደንብ የማላውቃት ሴት እዚያ ላለች እህቷ የታሸገ ካርቶን አድርሺልኝ ብላ በአማላጅ መጣችብኝ። ሁለት ኪሎ ነው፣ ኪሎ አለኝ። ገንዘብም እሰጥሻለሁ ብላለች። ልውሰደው? (ከቡራዩ)

መልስ፦ አትውሰጂው፣ እህቴ። ኪሎ ቢኖርሽም አትውሰጂው። ቦሌ ላይ «ሻንጣውን ያሸግሽው ራስሽ ነሽ?» ብለው ሲጠይቁሽ አዎ ማለት የምትችዪው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ስምሽ የተለጠፈበት ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ ያንቺ ነው፤ «የሰው ነው» የሚባል መልስ እዚያ አይሰማም። ሳዑዲ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር በሞት ያስቀጣል። ጫትም እዚያ የተከለከለ ነው፣ ደርቆ ተፈጭቶም ያው ነው። እዚህ በሐኪም የሚታዘዙ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች በብዙ የዓረብ አገሮች ቁጥጥር አለባቸው፤ የራስሽም መድኃኒት ቢሆን ከነማዘዣው፣ በመጣበት እሽግ፣ የሚበቃሽን ያህል ብቻ ያዥ።

ካርቶኑ ውስጥ ምናልባት ሽሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ሽሮ ነው። ካርቶኑን ልክፈተው በያት። ከከፈተችና አንድ በአንድ ካየሽው፣ ዱቄቱ ውስጥ እጅሽን ከትተሽ ከፈተሽሽው፣ ሌላ ነገር ነው። ለሁለት ኪሎ ዕቃ ገንዘብ ልክፈል ማለቷ ግን እኔን አያስደስተኝም፤ ሽሮ የምትልክ እህት ፖስታ ቤትም ካርጎም አለላት። አማላጁን አታፍሪ፣ «አጎቴ ከለከለኝ» በዪ። አጎት ከሌለሽ እኔን አጎትሽ አድርጊኝ።

ጥያቄ፦ ዑምራ ሄጄ ዘምዘም ለቤተሰብ ማምጣት እፈልጋለሁ። ሻንጣ ውስጥ ብከተውስ? (ከዓለም ገና)

መልስ፦ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፣ ሳዑዲዎቹ ከልክለዋል፤ ሲፈተሽ አውጥተው ነው የሚያስቀሩት። በጀሪካን ሞልቶ መምጣትም አይሆንም። ለተጓዥ ተብሎ በካርቶን የታሸገ የ5 ሊትር ዘምዘም ኤርፖርቱ ላይ ይሸጣል፣ እሱን ገዝተው ለብቻው ያስረክባሉ። ብዙ አየር መንገዶች ለዑምራና ለሐጅ ተጓዥ አንዱን ካርቶን ከኪሎው ውጭ ይቆጥሩታል፤ የእርስዎ ይሄን ማድረጉን ትኬቱን ከቆረጠልዎት ቢሮ ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ለሰፈር ሰው ሁሉ የሚበቃ ስለማይሆን ከአሁኑ ትናንሽ ጠርሙሶች ያዘጋጁ።